ከሽቱትጋርት እስከ ስቴልቪዮ፦ ስድስት ቀን ጣሪያው በሚከፈት መርሴዲስ

አጎቴ ጀርመን አገር ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ዓመት የመኪና ወንበር ቆዳ በሚሰፋ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሲሠሩ ቆይተው፣ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ያገለገለ ባለ ሁለት ወንበር መርሴዲስ ቤንዝ ኤስኤል 350 ገዙ። የመኪናው ሥሪት 2013 ነው፤ ከዚህ በታች ከጉዞው ቀኖች በቀር የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ። ቤተሰቡ በስልክ ብዙ ጠየቃቸው፤ በዚህ ዕድሜ ጣሪያው የሚከፈት መኪና ምን ያደርጋል የሚለው ግን ከሁሉ ጎልቶ የተሰማ ጥያቄ ነበር። መልሳቸው አጭር ነው፤ «ልጆቼ አድገው ወጥተዋል፤ የኋላ ወንበር ለማን ልግዛ?» ልጠይቃቸው በሄድኩበት ክረምት ታዲያ በዚሁ መኪና እስከ ጣልያን ድንበር ወርደን ለመመለስ ተስማማን። እኔ እነዳለሁ፣ እርሳቸው ያዛሉ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. – ሽቱትጋርት

ጉዞውን በመርሴዲስ ቤንዝ ሙዚየም ለመጀመር አስቤ ከማለዳው ባድ ካንሽታት ስደርስ በሩ ተዘግቶ አገኘሁት። ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ አይከፈትም። አጎቴ ይህን አሳምረው ያውቁ ኖሯል፤ ለምን እንዳልነገሩኝ ብጠይቃቸው «መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉኝ። ስለዚህ ሙዚየሙ ለመጨረሻው ቀን ተላለፈና የቀረውን ጊዜ መኪናውን በማየት አሳለፍን።

ሮድስተር የሚባለው ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያው የሚከፈት ዓይነት መኪና ከሩቅ የሚታወቀው በቅርጹ ነው። ኮፈኑ ረጅም፣ ጭራው አጭር፣ ሰዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል ደግሞ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ለፊት ያለ ነው። ኤስኤሉ ርዝመቱ 4.61 ሜትር፣ ስፋቱ ስፖኪዮውን ሳይጨምር 1.88 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ወደ ፊት ሲመለከቱ ኮፈኑ እንደ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይታያል። ለመግባት ግን ዝቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው በዝቅተኛ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያርፈው በወንበሩ ሳይሆን በጎንና ጎን በተነሣው ደገፋ ላይ ነው። አጎቴም የመጀመሪያውን ትእዛዝ የሰጡኝ ገና በሩን ስከፍት ነበር፤ «ቁልፍህን ከኪስህ አውጣ፤ የሱሪህንም ቀበቶ ወደ ጎን አዙረው። የሁሉም ያገለገለ መኪና ወንበር የሚሞተው እዚህ ጋ ነው» ብለው በአውራ ጣታቸው የግራውን ደገፋ ስፌት ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት።

የወንበሩ ማስተካከያ በሩ ላይ ነው፤ የሚያስገርመውም ማብሪያዎቹ ራሳቸው የትንሽ ወንበር ቅርጽ ያላቸው መሆናቸው ነው። ትንሿን የራስ መደገፊያ ወደ ላይ ሲገፏት ትልቁ የራስ መደገፊያ ይነሣል፣ ትንሿን መቀመጫ ወደ ፊት ሲገፏት ወንበሩ ይሄዳል። መመሪያ ማንበብ አያስፈልግም። የቅንጦት መኪኖች ሁሉን ነገር በስክሪን ውስጥ ከመቅበራቸው በፊት የተሠራ ነገር መሆኑ ያስታውቃል፤ እኔም በዚህ ጉዳይ የድሮውን እመርጣለሁ።

ሻንጣ የማስገባቱ ነገር ከሁሉ አስቸጋሪ ሆነ። የኋላው ኮፈን ጣሪያው ሲዘጋ 504 ሊትር ይይዛል፤ ጣሪያው ታጥፎ ሲገባበት ግን 364 ሊትር ብቻ ይቀራል። ይህን ልክ የሚጠብቀው እንደ መጋረጃ የሚሳብ አንድ መክደኛ ነው፤ ዕቃው ሁሉ ከእርሱ በታች መዋል አለበት፣ መክደኛው መንጠቆው ውስጥ ካልገባም ጣሪያው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ደረቅ ሻንጣ እንደማይገባ አጎቴ በስንዝር ለክተው ነገሩኝና ልብሴን ወደ ሁለት የጨርቅ ቦርሳ ገለበጥኩ።

ማታ ግቢ ውስጥ ጣሪያውን አስከፈቱኝ። ከክንድ ማሳረፊያው አጠገብ ያለውን ማብሪያ ስስበው የኋላው ኮፈን ከወንበሮቹ በኩል ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ ጣሪያው ከፊት መስታወቱ ተላቆ ለሁለት ታጠፈ፤ የኋላው መስታወት ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ተገላብጦ ከጣሪያው ጋር እንደ ተደራረበ እንጀራ ገባና ኮፈኑ ከላዩ ተከደነ። ሃያ ሳልቆጥር አለቀ። የጎረቤት ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ ነበርና «አንዴ ይድገሙት» ብሎ ለመነ፤ አጎቴም ሞተሩ ካልተነሣ ባትሪ ይጨርሳል ብለው ሞተር አስነሥተው ደገሙለት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 21 – ከባደን ባደን እስከ ፍሮይደንሽታት

ስለ አውቶባኑ፣ ስለ ጀርመኖቹ ፈጣን አውራ ጎዳና፣ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ጣሪያውን ዘግተን በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ስንሄድ ድምፃችንን ከፍ ሳናደርግ መነጋገር መቻላችንን ብቻ ልጥቀስ፤ የብረትና የመስታወት ጣሪያ ከጨርቅ ጣሪያ የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ነው። ከ2021 ጀምሮ የወጣው አዲሱ ኤስኤል ወደ ጨርቅ ጣሪያ መመለሱን አጎቴ ሰምተዋል፤ ክብደት ለመቀነስና የኋላ ወንበር ለመጨመር መሆኑንም ያውቃሉ፤ ይሁን እንጂ አልተቀበሉትም።

መንገዱ መንገድ የሆነው ከባደን ባደን በኋላ ነው። ቤ 500 የሚባለው የጥቁር ደን ከፍተኛ መንገድ ከከተማው ተነሥቶ በተራራው ጀርባ ላይ እየተጠማዘዘ ፍሮይደንሽታት ድረስ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በብዙ ቦታ ፍጥነቱ በ70 የተገደበ ነው፤ ሞተር ብስክሌተኞች በዚህ ይማረራሉ፤ ጣሪያው ለተከፈተ መኪና ግን ከዚህ የተሻለ ፍጥነት የለም። የጥዱ ሙጫ ሽታ፣ የተቆረጠ እንጨት ሽታ፣ ከዛፉ ጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጡ ፊት ላይ የሚለዋወጠው ሙቀት፣ ይህ ሁሉ መስታወት በዘጋ መኪና ውስጥ የማይገባ ነገር ነው።

ንፋሱን በተመለከተ አጎቴ ያስተማሩኝን ትምህርት ግን ከየትም አላገኘውም ነበር። ከኪሳቸው ጥቁር የስፌት ክር አወጡና አንድ ስንዝር ያህል ቆርጠው በራስ መደገፊያቸው ላይ አሰሩት። «አሁን ንዳ፤ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከት» አሉኝ። ንፋስ ከፊት ስለሚመጣ ክሩ ወደ ኋላ ይዘረጋል ብዬ ነበር፤ ስልሳ ስንደርስ ክሩ ተገልብጦ ወደ ፊት፣ ወደ ጆሯቸው መወርወር ጀመረ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ንፋሱ በፊት መስታወቱ ላይ ተንሸራትቶ ከራሳችን በላይ ያልፍና ከወንበሮቹ ኋላ ባለው ባዶ ቦታ ተጠቅልሎ ይመለሳል። ስለዚህ ጣሪያ በሌለው መኪና ሰውን የሚመታው ንፋስ ከኋላ የሚመጣው ነው፤ ብርድም የሚገባው በማጅራት ነው። ቀጥለው አንዲት ማብሪያ ሲነኩ ከወንበሮቹ ጀርባ ግልጽ የሆነ የንፋስ መከላከያ በሞተር ተነሣ። ክሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠና ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ ነው የንፋሱ ጩኸት ዝቅ ብሎ የሞተሩን ድምፅ መስማት የጀመርኩት።

ለማጅራቱ ብርድ ደግሞ ሌላ መላ ተበጅቶለታል። ኤርስካርፍ ይሉታል፤ የአየር ሻርፕ እንደማለት ነው። በወንበሩ ጀርባ ውስጥ ትንሽ ማሞቂያና ማራገቢያ አለ፤ ከራስ መደገፊያው ሥር ባለው ቀዳዳ ሞቅ ያለ አየር በአንገት ላይ ይነፋል፤ በሦስት ደረጃም ይስተካከላል። መርሴዲስ መጀመሪያ ያወጣው በ2004 በታናሹ ኤስኤልኬ ላይ ነበር። አጎቴ በነሐሴ ሙቀት ሳይቀር በአንደኛው ደረጃ አብርተው ይቀመጣሉ፤ «ሃያ ስድስት ዓመት አጎንብሼ የሰፋሁበት አንገት ነው» ይላሉ።

ሙሜልዜ ከተባለው ሐይቅ ዳር በ1,036 ሜትር ከፍታ ላይ አረፍን። የጥቁር ደን ኬክ አንድ ቁራሽ አምስት ዩሮ ገደማ ከፈልንበት፤ ክሬሙ፣ ቸኮላቱና ቼሪው ጥሩ ነው፤ የቼሪ አረቄ ግን በርከት አድርገው ስለሚጨምሩበት አጎቴ ከእኔ ሳህን ግማሹን «ሹፌር ነህ» ብለው ወሰዱብኝ።

ፍሮይደንሽታት ያደርንበት ማረፊያ ባለቤት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ መኪናውን መንገድ ዳር አቁመን ስንገባ ከልክለውን የድሮውን የከብት በረት በር ከፈቱልን። ሌባ ፈርተው መስሎኝ ነበር። የፈሩት ለካ ማርደር የሚባለውን፣ የእኛን ሽለምጥማጥ የሚመስል እንስሳ ነው። ሌሊት በሞተሩ ሙቀት ይገባና የጎማ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጥሞ ያድራል። ጀርመኖች ስለ እርሱ ሲያወሩ እኛ ስለ ጅብ የምናወራበትን ድምፅ ይጠቀማሉ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 22 – ሊንዳው፣ ቦደንዜ ሐይቅ

ወደ ቦደንዜ የወረድንበት ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፎ ነበርና ቅንጦቱ ወደ ቅጣት ተለወጠብኝ። እኔ የፀሐይ አገር ሰው ነኝ ብዬ ኮፍያም ቅባትም አልያዝኩም፤ ማታ በመስታወት ሳየው ግንባሬና የአፍንጫዬ ጫፍ ተልጧል። ንፋሱ ሙቀቱን ስለሚያስረሳ ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው ከቆመ በኋላ ነው። ሊንዳው ስንደርስ አስቀድሜ ያደረግሁት በ19 ዩሮ የገለባ ባርኔጣ መግዛት ነበር።

የሚደንቀው የወንበሩ ቆዳ ነው። ጥቁር ነው፤ ለሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ ግን እጄን ሳስቀምጥበት እንደ ጥቁሩ ዳሽቦርድ አላቃጠለኝም። አጎቴ ምክንያቱን ያውቃሉ፤ ቆዳው ሲቀለም የፀሐይን የማይታይ ሙቀት ጨረር መልሶ የሚያንፀባርቅ ቀለም ይገባበታል። ከዚያ ደግሞ ስፌቱን አሳዩኝ፤ ሁለት የቆዳ ጫፎች ከተጋጠሙ በኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ትይዩ መስመር ተሰፍቶባቸዋል። «አንዱ መስመር ይይዛል፣ ሁለተኛው ለዓይን ነው ይላሉ፤ ውሸት ነው። ሁለቱም ይይዛሉ፤ ማጠፊያው እንዳይነሣ ነው። አንዱ ከሌላው በግማሽ ሚሊ ቢዛነፍ እኛ ጋ ወንበሩ ይመለስ ነበር» አሉኝ። በጥፍሬ እየተከተልኩ ከጉልበቴ እስከ ትከሻዬ ድረስ አየሁት፤ አልተዛነፈም።

ከሰዓት በኋላ ጣሪያውን ዘጋን። የጣሪያው የላይኛ ክፍል መስታወት ነው፤ አንዲት ማብሪያ ሲነኩ ከግልጽነት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይቀየራል። በመስታወቱ ሁለት ንጣፎች መካከል ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ተሰልፈው ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ተበታትነው ይጋርዳሉ። ይህ የመጨረሻው የቅንጦት ጥግ ነው ብዬ ልስቅበት አስቤ ነበር፤ የተላጠው ግንባሬ ግን አላሳቀኝም።

ሊንዳው በድልድይ የምትገናኝ ደሴት ናት። በወደቡ አፍ በአንድ በኩል የባቫሪያ የድንጋይ አንበሳ፣ በሌላው በኩል 33 ሜትር የሚረዝመው የመብራት ግንብ ቆመዋል። የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ አርባ ደቂቃ ዞርን። ጣሪያው ተከፍቶ በቀስታ የሚዞር መኪና ውስጥ ያለ ሰው ከሁሉ ጋር ዓይን ለዓይን ይጋጠማል፤ አጎቴ ደግሞ የትዝታ ሙዚቃ ከፍተው ነበር። ባሱ የሚወጣው ከእግር ማሳረፊያው ሥር ነው፤ መሐንዲሶቹ በአሉሚኒየሙ አካል ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ እንደ ድምፅ ሣጥን ስለተጠቀሙበት በሮቹ አይንቀጠቀጡም፣ ጣሪያውም ተከፍቶ ድምፁ አይሳሳም። ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ክራሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። እራት የሐይቁ ዓሣ ከድንች ጋር፣ ለአንድ ሰው 24 ዩሮ ነበር።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 23 – በሲልቭሬታ መንገድ ወደ ጋልቱር

ኦስትሪያ ገብተን በአውራ ጎዳናው ለመንዳት የሚያስፈልገውን የአሥር ቀን የመንገድ ክፍያ፣ ቪኜት የሚሉትን፣ በ11.50 ዩሮ ገዛን። ሲልቭሬታ የተባለው የተራራ መንገድ ደግሞ የራሱ ክፍያ አለው፤ ከፓርተነን እስከ ጋልቱር 22 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ 34 ተጣጥፈው የሚመለሱ ኩርባዎች አሉት፤ አናቱ ቢለርሆኸ በ2,032 ሜትር ላይ ከአንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ግድብ ሐይቅ አጠገብ ነው።

ከቢለርሆኸ ቀድሞ አንዲት ላም መንገዱ መካከል ቆማ አገኘናት። ከፊታችን የነበረው መኪና ክላክስ ይነፋል፤ እኔ ግን ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅሁ፤ ይህ የምናውቀው ነገር ነው። ላሟ መጥታ በተከፈተው በአጎቴ በኩል አንገቷን አስገባችና የወንበሩን ጫፍ አሸተተች። አጎቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያላየሁባቸውን ፍጥነት አሳዩ፤ ላሟን አይደለም፣ ቆዳውን ነበር በእጃቸው የከለሉት።

ጥፋቱ የተሠራው አናቱ ላይ ነው። ብርድ ስለ ነበር ጃኬት ለማውጣት የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ፤ የታጠፈውን ጣሪያ ከፍ አድርጌ፣ መክደኛውን ለቅቄ፣ ጃኬቶቹን አወጣሁና በቦታቸው ባርኔጣዬን አስገባሁ። መክደኛውን ስቤ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ቁልቁለቱን ስንጀምር ዝናብ መጣ። ጣሪያ የሌለው መኪና ፈጠን ብሎ ሲሄድ ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ሾልኮ ከራስ በላይ ያልፋል፤ ጠዋት በሸለቆው ውስጥ ካፊያ ሲጥል በ80 እየሄድን ጠብታ አልነካንም ነበር። በኩርባ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ግን ዝናቡ እንደማንኛውም ዝናብ በራስ ላይ ይወርዳል። በዚህ መኪና ጣሪያው የሚዘጋው ደግሞ ቆመው ነውና ሰፊ ጥግ እስክናገኝ ሦስት ኩርባ ጠበቅን። ቆምኩ፣ ማብሪያውን ሳብኩ፣ ዝም። በመሪው ኋላ ባለው ሰሌዳ ላይ በጀርመንኛ ጽሑፍ ወጣ። «መክደኛው!» አሉ አጎቴ፣ ጃኬታቸውን በራሳቸው ላይ ሳይሆን በወንበሩ ላይ እየጣሉ። ወርጄ ኮፈኑን ስከፍት የባርኔጣው ጠርዝ ከመንጠቆው ሥር ተሰንቅሮ አገኘሁት። ነቅዬ፣ መክደኛውን ጠቅ እስኪል ስቤ፣ ተመልሼ ገብቼ ማብሪያውን ያዝኩ። በግቢ ውስጥ አጭር የነበረው ሃያ ሰከንድ እዚያ ተራራ ላይ በጣም ረጅም ነበር።

ጋልቱር ያሳደሩን ባልና ሚስት ፎጣ በፎጣ ላይ አምጥተው ጋዜጣም ለወንበሩ አቀረቡልን። አጎቴ ፎጣውን በምስጋና ተቀብለው ጋዜጣውን መለሱ፤ ቀለሙ በእርጥብ ቆዳ ላይ ይታተማል። የፀጉር ማድረቂያ ይዛ ለመጣችው ልጃቸውም እጃቸውን አወዛወዙባት። ቆዳ በጥላ ውስጥ በራሱ ጊዜ ሲደርቅ ነው የሚድነው እንጂ ሙቀት ሲነፋበት ይሸበሸባል። እራታችንን፣ አይብ የተቀላቀለበት ሽፔትስሌ የሚሉትን የሊጥ ምግብ በ14 ዩሮ፣ የበላነው ወንበሮቹ አንድ በአንድ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ከተጠረጉ በኋላ ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 24 – ስቴልቪዮ

ወደ ጣልያን በሬሽን ማለፊያ ገባን። እዚያ ከሐይቅ መካከል አንድ የቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ ብቻውን ወጥቶ ይታያል፤ ግራውን የተባለው መንደር በ1950 ለኤሌክትሪክ ግድብ ሲባል በውኃ ሲዋጥ የተረፈው እርሱ ነው። አጎቴ መኪናውን ዳር አስይዘው ፎቶ ሳያነሡ ለብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

ከፕራድ መንደር ወደ ስቴልቪዮ የሚወጣው መንገድ 48 ቁጥር የተሰጣቸው ኩርባዎች አሉት፤ ቁጥራቸውም ወደ ላይ በወጡ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ካርሎ ዶኔጋኒ የተባለው መሐንዲስ ከ1820 እስከ 1825 ለኦስትሪያ መንግሥት የሠራው ሲሆን፣ ከፍታው 2,757 ሜትር ነው። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ኩርባ አያስደነግጠውም ብዬ ነበር፤ ልዩነቱ ሊማሊሞ ላይ ሹፌሩ እኔ አለመሆኔ ነው።

ረጅሙ ኮፈን የሚያስቸግረው እዚህ ነው። በኩርባው ላይ ሲታጠፉ ኮፈኑ ወደ ሰማይ ይጠቁማል፤ መንገዱ ከሥሩ ወዴት እንደሚሄድ አይታይም። ጣሪያው ስለተከፈተ ግን አንገትን ቀና አድርጎ በጎን ወደ ላይ በመመልከት በሚቀጥለው ኩርባ የሚወርደውን አውቶቡስ ቀድሞ ማየት ይቻላል፤ ከላይ የሚመጣውን ክላክስም ጆሮ በቀጥታ ይሰማዋል። ጣሪያ የሌለው መኪና ለመዝናኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በስቴልቪዮ ግን የተከፈተው ጣሪያ እንደ ስፖኪዮ አገለገለኝ። መሪውም ረድቶኛል፤ ብዙ በተጠመዘዘ ቁጥር ጎማውን አብልጦ የሚያዞር ስለሆነ እጄን ሳላደራርብ የምታጠፍባቸው ኩርባዎች ብዙ ነበሩ።

የሞተሩ ጉልበት ግን ከ2,000 ሜትር በኋላ መሳሳቱ ተሰማኝ። የኤስኤል 350 ሞተር 3.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 306 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው፤ አየር ጨምቆ የሚያስገባለት ተርቦ የሚባለው መሣሪያ የለውም፤ አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱም ይሳሳል። ይህን የአዲስ አበባ መካኒክ ሁሉ ስለሚያውቀው እንጦጦ ላይ የሚያቃስት መኪና ሲያይ አይደነቅም። ደግነቱ አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ከቀደመው ትውልድ እስከ 140 ኪሎ ይቀላል።

አናቱ ላይ መለኪያው 11 ዲግሪ አሳየ። የወንበር ማሞቂያና ኤርስካርፍ በሦስተኛው ደረጃ፣ የንፋስ መከላከያው ተነሥቶ፣ ጣሪያው ተከፍቶ፣ አጎቴ ያለ ጃኬት ተቀምጠው ነበር። ከአጠገባችን የቆሙ ብስክሌተኞች ላባቸው በላያቸው እየበረደ ሲንቀጠቀጡ እርሳቸውን አይተው ሳቁ። ከጋሪ ላይ ቋሊማ በዳቦ፣ ከተጠመቀ ጥቅል ጎመን ጋር፣ በ8 ዩሮ ገዝተን በላን፤ ከመኪናው ውጭ ቆመን ነው እንጂ፣ በእነዚያ ወንበሮች ላይ መብላት የተከለከለ ነው።

ስንወርድ የፊት መስታወቱን የትንኝ ሬሳ ሸፍኖት ነበርና አጠብሁት። ጣሪያው ክፍት ስለሆነ ውኃው ፊታችን ላይ ይረጫል ብዬ ጨፈንኩ፤ አንዲት ጠብታ አልመጣችም። በሌሎች መኪኖች ከኮፈኑ ላይ ወደ ላይ የሚረጨው ውኃ በዚህኛው ከመጥረጊያው ምላስ ራሱ ይፈልቃል፤ ጎማው ከፊቱ ያረጥባል፣ ወዲያው ይጠርጋል። ጥቂት ሰው የሚያስተውለው ነገር ነው፤ እኔን ግን ከሚቀየረው የጣሪያ መስታወት ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 25 – ፌርንፓስ፣ ሽቱትጋርት

በዕረፍት ወራት ቅዳሜ ቀን ፌርንፓስ በተባለው የኦስትሪያ የተራራ ማለፊያ መመለስ ስሕተት መሆኑን ማንም ኦስትሪያዊ ሊነግረን ይችል ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ በሰው ርምጃ ፍጥነት ተጎተትን። ጣሪያው ክፍት የሆነ መኪና ሰልፍ ውስጥ ከሁሉ የከፋው መኪና ነው፤ አፍንጫችን ከፊታችን ካለው ናፍጣ የጭነት መኪና ጭስ መውጫ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነበር። ዘጋነው፣ አየር ማቀዝቀዣ ከፈትን፤ በዚያች ሰዓት ኤስኤሉ እንደማንኛውም ውድ መኪና ሆነ። ቤንዚን ጀርመን ውስጥ በሊትር 1.70 ዩሮ ገደማ ነበር፤ ለስድስቱ ቀን በጠቅላላው በአማካይ በ100 ኪሎ ሜትር አሥር ሊትር ያህል ጠጥቷል።

ሙዚየሙ ጋ ለመዝጊያው ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀረው ደረስን። በአሳንሰር ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ በር ሲከፈት የሚቀበለው መኪና ሳይሆን ፈረስ ነው። ከዚያ ከ1886 ጀምሮ በተጠማዘዘ መንገድ እየወረዱ ዘመኑን ይከተላሉ። አጎቴ ሌላውን ሁሉ በቁማቸው አልፈው 300 ኤስኤል ጋ ቆሙ። በ1954 የወጣው ዝግ መኪና በሮቹ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱት ለውበት አልነበረም፤ አካሉን የሚሸከሙት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በጎን በኩል ከፍ ብለው ስለሚያልፉ መደበኛ በር የሚገባበት ቦታ አልነበረም። በ1957 ጣሪያው የሚከፈተው ሮድስተር ሲመጣ መሐንዲሶቹ የቱቦዎቹን የጎን ክፍል ዝቅ አደረጉትና መኪናው እንደማንኛውም መኪና ወደ ጎን የሚከፈት በር አገኘ። ሰኞ ጠዋት ይህን አይቼው ቢሆን ኖሮ መረጃ ብቻ ይሆንብኝ ነበር፤ ስድስት ቀን ዝቅ ብዬ ስገባ ስወጣ ከቆየሁ በኋላ ግን የበሩን ደፍ ከፍታ በዓይኔ ስለካ ጉልበቴ ራሱ ገባው።

አጎቴ ስፌቱን ለማየት ሲያጎነብሱ ጠባቂው በትህትና ወደ ኋላ እንዲሉ ጠየቃቸው።

ማታ ግቢ ውስጥ ቁልፉን ስመልስላቸው የሾፌሩን በር ከፍተው በስልካቸው መብራት የግራውን ደገፋ መረመሩ። እኔም አጎንብሼ አየሁ፤ ከስፌቱ ጎን የጥፍር ርዝመት ያላት ጭረት አለች። ቀበቶዬን ያላዞርኩበት አንድ ቀን መኖር አለበት፤ ምናልባት በዝናቡ ቀን ነው። ምንም አልተናገሩም። ከቤት ትንሽ ቆርቆሮ ቅባትና ጨርቅ አምጥተው በአውራ ጣታቸው ክብ ክብ እያደረጉ ቀቡት፤ እኔ መብራቱን ያዝኩላቸው።

እሑድ ጠዋት ስነሣ ቁልፉ ከቡናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ዳቦ ቤቱ ክፍት ነው፤ ስትሄድ ጣሪያውን ክፈተው» አሉኝ። ቀበቶዬን ፈትቼ ወንበር ላይ ሰቅዬ ወጣሁ።